ከስደት የመጣ አኳሪየም ባሕር ዳር ላይ

ሜሪላንድ ወይም ስቶክሆልም ሳሎኑ ውስጥ ዓመታት ዓሣ ያኖረ ሰው ባሕር ዳር ሲመለስ ከዕቃው ጋር ልማዱንም ሸክፎ ይመጣል። ዓሣው ክንፉን ካጠፈ መድኃኒት፣ ውሃው ከደፈረሰ ሌላ መድኃኒት። እዚህ ግን ሕመም ከሚመስለው አብዛኛው የውሃው ጣጣ ነው። ጠርሙስ ከመክፈታችሁ በፊት የውሃውን ሲሶ ቀይሩና አንድ ቀን ጠብቁ።

ከሻንጣው እንጀምር። የአሜሪካ ማሞቂያ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ ሶኬት 220 ነው። 100 ዋት የተጻፈበት ማሞቂያ እንዲሁ ቢሰካ ከ330 ዋት በላይ ይስባል። ወይ ሽቦው ይቃጠላል፣ ወይ መስታወቱ ውሃ ውስጥ ይፈነዳል። ትራንስፎርመር ማሞቂያውን ያድነዋል፤ የማጣሪያውን ሞተር ግን ሙሉ በሙሉ አያድነውም። ቮልቱን እንጂ ኸርዙን (የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ) አይቀይርምና ለ60 ኸርዝ የተሠራው ሞተር በእኛ 50 ላይ በስድስተኛ ያህል እየዘገመ ይሞቃል። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ ያመጣችሁ ሰክታችሁ ተኙ። በኪሎ ገደብ ምክንያት መምረጥ ግድ ከሆነ ጌጣጌጡን ትታችሁ አሞኒያ (ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣ መርዝ)፣ ናይትራይት (ባክቴሪያ አሞኒያውን ሲለውጠው የሚመጣ ሌላ መርዝ) እና ፒኤች (የውሃው አሲድነት ልክ) የሚለካ የጠብታ መመርመሪያ፣ የክሎሪን ማጥፊያና በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አምጡ።

ቀጥሎ ከፍታው አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በአምስተኛ ያህል ያንሳል። 26 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እዚያ በሊትር 8 ሚሊግራም ቢይዝ እዚህ 6.5 አካባቢ ነው። ዓሦቹ ላይኛው ውሃ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከከፈቱ መጀመሪያ አየሩን ጠርጥሩ። ዋሽንግተን ላይ ሃያ ዓሣ የቻለ ገንዳ እዚህ አሥራ አምስት ቢበቃው ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ አየር፣ ሙቀትና ማጣሪያ አንድ ላይ ይቆማሉ። አየሩ ይቅደም። የባትሪ ፓምፕ ከሌለ በጣሳ ከገንዳው እየቀዱ ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ፤ በየሩብ ሰዓቱ አሥር ጣሳ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላልና የገንዳውን ጎኖች በጋቢ ጠቅልሉ፣ አፉን ግን አትዝጉ። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ከድኖ ማንሳፈፍም ይረዳል። ምግብ በዚያ ቀን ይቅር።

ብዙ ሰው የሚስተው ማጣሪያውን ነው። ክዳኑ የተዘጋ ማጣሪያ ለሰዓታት ሲቆም ውስጡ ያሉት አሞኒያውን የሚያስወግዱ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ታፍነው ይሞታሉ። መብራቱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመጣ ያንን የገማ ውሃ ገንዳው ላይ ይተፋዋል፤ ባለቤቱ ጠዋት ሲነሳ ዓሦቹን ሞተው ተንሳፍፈው ያገኛል፣ ከዚያም በሽታ ገባ ይባላል። መብራት እንደሄደ ማጣሪያውን ንቀሉት። መቋረጡ ከሁለት ሰዓት ካለፈ ስፖንጁን አውጥታችሁ ገንዳው ውስጥ ክተቱት። ከመመለሳችሁ በፊት የማጣሪያውን ውሃ ድፉ፣ ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ቧንቧ ሥር ካጠባችሁት ክሎሪኑ የተረፉትን ባክቴሪያዎች ይጨርሳቸዋል።

አዲስ ገንዳ ባክቴሪያው እስኪይዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። በዚያ መሐል አሞኒያ ይወጣል፤ ጉዳቱን የሚወስነው ፒኤቹ ነው። ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፣ 8 ላይ ግን 5 በመቶ ይደርሳል። ናይትራይት ከታየ በሊትር 1 ግራም ጨው ስንጥቡን (የዓሣውን መተንፈሻ) ይከላከልለታል፤ የውሃ ለውጡ ግን ይቀጥላል።

የዋሽንግተን ዲሲ ውሃ ክሎራሚን (በቀላሉ የማይተን የክሎሪን ዓይነት) ስላለበት አስቀምጦ ማሳደር እዚያ አይሠራም። ነጻ ክሎሪን ግን አፉ በተከፈተ ባልዲ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይተናል። ሮቶ ውስጥ የከረመው ውሃ ብዙውን ለቅቋል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ደፍራሽና ክሎሪኑ አፍንጫ የሚመታው ውሃ ግን ለእጥበት ይሁን፤ ለገንዳ አትቅዱት።

አሁን ወደ እውነተኛው በሽታ። ዓሣው ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጥብ ከታየ፣ ጠጠሩም ላይ ራሱን ካከከ፣ ነጭ ነጥብ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ነጥቡ ያለው ከቆዳ በታች ስለሆነ መድኃኒት አያገኘውም። በስሎ ወደ ወለሉ ይወድቃል፣ በመቶዎች ይራባል፣ የሚገደለውም ሌላ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኝ ብቻ ነው። 25 ዲግሪ ላይ ዑደቱ ሳምንት ገደማ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሁለት ሳምንትም ያልፋል። በአምስተኛው ቀን ነጥቡ ሲጠፋ ሕክምናውን ያቆመ ሰው በአሥራ ሁለተኛው ቀን የባሰውን ያያል።

የነጭ ነጥብ ሕክምናው ጨውና ሙቀት ነው። የ60 በ30 በ35 ሴንቲሜትር ገንዳ ሒሳቡ 63 ሊትር ነው፤ ጠጠሩና ከላይ የሚጎድለው ሲነሳ 50 ሊትር ያዙ። በሊትር 2 ግራም ጨው ማለት 100 ግራም ነው። በሦስት ከፍላችሁ በየ12 ሰዓቱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ። አሞሌውም ሆነ አዮዲን ያለበት የወጥ ቤት ጨው ይሆናል። ጨው አይተንም፤ 10 ሊትር ስትቀይሩ የሚተካው 20 ግራም ብቻ ነው። ቅርፊት ለሌላቸው ዓሦች በግማሹ ይበቃል። መጻሕፍት ውሃውን 30 ዲግሪ አድርሱ ቢሉም እዚህ ኦክስጅኑ ስለማይፈቅድ 28 ላይ አቁሙና እስከ ሁለት ሳምንት ዝለቁ። በየሁለት ቀኑ ጠጠሩን በቱቦ ምጠጡ፤ ተሕዋሱ የሚራባው እዚያ ነው። የአሜሪካ ማሸጊያ መጠኑን በጋሎን እንደሚነግራችሁም አትርሱ፤ አንዱ ጋሎን 3.8 ሊትር ነው።

አፉ ላይ ወይም ጀርባው ላይ እንደ ኮርቻ የተነጠፈ ግራጫ ነጭ ነገር ግን ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ሙቀት አትጨምሩበት፤ ይብስበታል። የሰው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ገንዳው ውስጥ መበተን ተለምዷል፤ አይበጅም። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ውስጥ ጉልበቱ ይታሰራል፣ ውሃውን ያጠይማል፣ የማጣሪያውን ባክቴሪያም ሊጎዳ ይችላል።

ጣና ደጃፍ ላይ ነውና ከሐይቁ መቅዳት ያጓጓል። እምቦጭም ሆነ ሌላ የሐይቅ ተክል ከነሥሩ ከገባ ቀንድ አውጣው አብሮ ይገባል፤ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ዳርቻው ላይ አለና ውሃው ውስጥ ቆማችሁ በባዶ እግር አትቅዱ። የተቀዳውን በነጠላ አጥልላችሁ ቀንድ አውጣ የሌለበት ዕቃ ውስጥ ሁለት ቀን ካቆያችሁት የቢልሃርዚያው እጮች ይሞታሉ። የዓሣው ጥገኛ ግን በዚህ አይጠፋም። ከሐይቁ የመጣ የቆሮሶ ጫጩት 40 ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ለብቻው አራት ሳምንት ይቆይ።

ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ዓሣ ደግሞ የዓባይን በረሃ ሙቀት አቋርጦ፣ ቀኑን ሙሉ በፌስታል ታፍኖ ነው የሚደርሰው። በፌስታሉ ውስጥ አሞኒያ ተጠራቅሟል፤ ትንፋሹ ፒኤቹን ስላወረደው ነው ያልገደለው። አፉ ሲከፈት ፒኤቹ ይወጣል፣ አሞኒያውም ይነቃል። ስለዚህ ፌስታሉን እንደታሰረ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ አንሳፍፉት፣ ፍቱት፣ ዓሣውን ወዲያው በመረብ አውጡት፣ ውሃውን ድፉት። በዚያ ሌሊት መብራቱን አጥፉለት፤ ዳቦ ሊጥሉለት የሚቋምጡትንም ልጆች አርቁ።