ወደ ቀኝ ሂድ ያለኝ ማን ነው?

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ "አጎቴ፣ እስቲ አንዴ ሞክረው" ብሎ ጆይስቲኩን ሰጠኝ። የድሮው የቪዲዮ ጨዋታ ሱፐር ማሪዮ ነው፣ በፈረንጆቹ 1985 የወጣው። ገና ሲጀምር ወደ ቀኝ ሮጥኩ።

"ወደ ቀኝ እንደሚኬድ በምን አወቅክ?"

ዝም አልኩ። ቀስት የለ፣ ጽሑፍ የለ፣ የነገረኝ የለ።

እንደገና አስጀምሬ አየሁት። ማሪዮ ከስክሪኑ በስተግራ ቆሟል፣ ፊቱ ወደ ቀኝ፤ ከፊቱ ባዶ ሜዳ። ትንሽ ሄድ ስትል ያቺ ኮስታራ ፍጡር ትመጣለች፤ ካልዘለልክ አለቀልህ። በቃ፣ መዝለል ተማርክ። ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ካለባቸው ሳጥኖች አንዱን ዘለህ ከሥር ስትመታ እንጉዳይ ይወጣል። እንጉዳዩ ወደ ቀኝ ይንሸራተትና ከቧንቧው ጋር ተላትሞ ተመልሶ ወደ አንተ ይመጣል። ልሽሽ ብትል እንኳ ያገኝሃል፤ ስትነካው ደግሞ ታድጋለህ። ሰሪዎቹ አንድ ቃል ሳይጽፉ እንደ ሕፃን እጄን ይዘው ወስደውኛል፣ እኔ ግን በራሴ ጉብዝና የሄድኩ መስሎኝ ነበር!

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ዳቦው ያለው መጨረሻ ጥግ ላይ ነው። ሂሳብ ልከፍል ስቆም እጄ ላይ ሁለት ብስኩትና አንድ ማስቲካ አለ። የልጁ ጥያቄ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ካሸሯ ግራ ተጋብታ አየችኝ።

ማስቲካውን ግን አልመለስኩትም።