ትነዝራለች ወይስ ታንገጫግጫለች?

መኪናዬ የ2003 ቶዮታ ራቭ ፎር ናት። በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። አውቶማቲክ ናት፣ አራቱንም ጎማ ትነዳለች። ስድስት ዓመት አብረን ቆይተናል። ችግሩን መጀመሪያ ያየሁት ባለፈው መስከረም ከአዳማ ስመለስ ነው። በፍጥነት መንገዱ ላይ 70 ገደማ ይዤ፣ ነዳጁን በስሱ ረግጬ ሽቅብ እየወጣሁ ሳለ ከወለሉ ሥር ድድድድ የሚል ነገር መጣ። የሚያንቀላፋ ሹፌር እንዲነቃ በመንገድ ጠርዝ ላይ የሚሠራው ሸካራ መስመር አለ አይደል? እሱን የረገጥኩ መሰለኝ። ቀና ብዬ መስመሬን አየሁ። መሀል ላይ ነኝ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መጣ።

በማግስቱ ጋራዥ ሄጄ «መኪናዬ ትንቀጠቀጣለች» አልኩ። ልጁ አንድ ዙር ነድቶ መጣና «ካምቢዮው አልቋል፣ ይቀየር» አለኝ። የማርሽ ሳጥኑን ማለቱ ነው። የጠራልኝ ዋጋ ከስድስት ወር ደመወዜ ይበልጣል። ደንግጬ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። እዚያ ካንዴላ ነው ተባልኩ፣ ሞተሩ ውስጥ ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚለኩሰው። አራቱንም ቀየርኩ። ለውጥ የለም። ሦስተኛው ጎማ ባላንስ ይሠራልህ አለኝ። እሱንም አሠራሁ። እንዳለች ናት።

አሁን ሳስበው እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ሲደክም ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ማቀጣጠል ይስታል፣ ስሜቱም ከካምቢዮ ንዝረት ጋር በጣም ይቀራረባል። ያልተመጣጠነ ጎማም ይነዝራል። ጥፋቱ የኔም ነበር። «ትንቀጠቀጣለች» ከማለት ሌላ ምንም አልነገርኳቸውም።

በመጨረሻ ጎረቤቴ ሳሪስ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው መራኝ። ገብቼ «ጋሼ፣ መኪናዬ ትንቀጠቀጣለች» አልኳቸው። መኪናዋን ዞር ብለውም አላዩዋትም።

«ልጄ፣ ትነዝራለች ወይስ ታንገጫግጫለች?»

ዝም አልኩ።

«ስንት ላይ? ቀጥ ስትል ነው ስትታጠፍ? ነዳጅ ስትሰጣት ነው እግርህን ስታነሳ? ጠዋት ነው ስትሞቅ? ሂድና ጽፈህ አምጣልኝ።»

አንድ ሳምንት ጻፍኩ። ትንሽ ደብተር በሩ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩና በተንቀጠቀጠች ቁጥር ዳር ይዤ ቆሜ እመዘግብ ጀመር። ፍጥነት፣ የሞተር ዙር፣ እግሬ የት እንደነበር፣ ቀጥታ ወይም መታጠፊያ፣ ከተነሳሁ ስንት ደቂቃ። በአምስተኛው ቀን ገጹን ሳየው ነገሩ ፊቴ ላይ ተገለጠ። አንድ በሽታ ሳይሆን ሁለት ናቸው። አንደኛው ከ60 እስከ 80 ባለው ፍጥነት፣ ቀጥታ መንገድ ላይ፣ ነዳጅ በስሱ ሲረገጥና መኪናዋ ከሞቀች በኋላ ብቻ ይመጣል። ይነዝራል። ሁለተኛው የሚመጣው ቀስ ብዬ ስነዳ ነው። መሪውን እስከ ጥጉ ጠምዝዤ ላቆም ስል፣ በተለይ ረጅም መንገድ ሄጄ ከመጣሁ፣ መኪናዋ ፍሬን እንደተያዘባት ገተት ትልና ጎማው ዘለል ዘለል ይላል። ይሄኛው ያንገጫግጫል። እኔ ሁለቱንም በአንድ ስም ስጠራቸው ከርሜአለሁ።

ጋሼ ደብተሩን አነበቡና መጀመሪያ ጎማውን ጠየቁኝ። ሐምሌ ላይ የፊቱን ሁለት ጎማ አዲስ ገዝቼ ነበር። የኋላዎቹ አሮጌ ናቸው። ቁጥራቸው አንድ ነው፣ 215/70 በ16፣ ስለዚህ ችግር አለው ብዬ አላሰብኩም። ጋሼ ጠመኔ አመጡ። ከፊት ጎማው ላይ አንድ ምልክት፣ ከሥሩ ሲሚንቶው ላይ አንድ ምልክት አደረጉ። መኪናዋን ገፍተን ጎማው አምስት ጊዜ ሲዞር በሜትር ለካን። 10 ሜትር ከ78 ሳንቲም። የኋላውን በዚያው መንገድ ለካነው። 10 ሜትር ከ66። በአምስት ዙር 12 ሳንቲም ልዩነት አለ ማለት ነው። አሮጌው ጎማ ስላለቀ ያንሳል፣ ስለዚህ በየኪሎ ሜትሩ ከአዲሱ አምስት ዙር ያህል ይበልጣል። አዳማ ደርሶ እስኪመለስ ሒሳቡን ሥሩት።

በሁለት ጎማ ብቻ በሚነዳ መኪና ይሄ ብዙ አይጎዳም። አራቱንም በሚነዳው ግን የፊትና የኋላው በዘንግ የተያያዙ ናቸው። በኔ መኪና መሀል ላይ የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ ዲፈረንሻል አለ፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ቪስከስ ካፕሊንግ የሚባል የታሸገ ዕቃ። ውስጡ ቀጫጭን የብረት ሳህኖችና ወፍራም የሲሊኮን ዘይት ነው ያለው። አንዱ ወገን ጭቃ ውስጥ ሲሽከረከር ሳህኖቹ በተለያየ ፍጥነት ይዞራሉ፣ ዘይቱ ይሞቅና አንዱን ከሌላው ጋር ይይዛል። ጭቃው ውስጥ ይሄ ጥሩ ነው። የኔዋ ግን በደረቅ አስፋልት ላይ መንገዱን ሙሉ የፍጥነት ልዩነት ስታይ ትውላለች። ካፕሊንጉ እየሞቀ እየያዘ ቤት ስደርስ መሪ ስጠመዝዝ አልለቅም ይላል። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ለምን ደህና እንደምትሆን ያኔ ገባኝ።

ጋሼ አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩኝ። «ሁለቱን በአንድ ቀን እንዳትነካ። አንዱን ሠርተህ ንዳት።» ይሄን ምክር ከሁሉ በላይ አከብረዋለሁ። ለኋላ ከፊቶቹ ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አዲስ ጎማዎች ገዛሁ። አዳማ ደርሼ መጣሁ። ግቢ ውስጥ መሪውን እስከ ጥጉ ጠምዝዤ ዞርኩ። ዝም አለች። መንገድ ላይ ግን 70 ስደርስ ያው ድድድድ አለ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ያኔ ተረጋገጠ።

ለዚህኛው ጋሼ ጎኔ ተቀምጠው፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ አንድ ሙከራ አሠሩኝ። ንዝረቱ ሲመጣ ነዳጁን ሳልለቅ በግራ እግሬ ፍሬኑን በጣም በስሱ ነካ አደረግኩት። ፍሬን ለመያዝ አይደለም፣ የኋላው መብራት እስኪበራ ያህል ብቻ ነው። ንዝረቱ ወዲያው ተቆረጠ። እግሬን ሳነሳ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። አራት ጊዜ ሞከርኩ፣ አራቱንም ጊዜ እንደዚያው ሆነ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መሀል ቶርክ ኮንቨርተር አለ። ኃይሉን የሚያስተላልፈው በዘይት ነው። መኪናዋ ረጋ ብላ ስትሄድ ነዳጅ ለመቆጠብ ውስጡ ያለች ፍሪሲዮን የምትባል መያዣ ሳህን ትይዝና ሞተሩንና ካምቢዮውን ታቆላልፋለች። በዚያች ቅጽበት የሞተሩ ዙር ዝቅ ሲል ይታያል። ፍሬን ሲነካ ኮምፒውተሩ ቁልፉን ይለቃል። ዘይቱ ሲያረጅ ፍሪሲዮኗ አጥብቃ ከመያዝ ይልቅ ያዝ ለቀቅ ያዝ ለቀቅ ታደርጋለች። ወለሉ ላይ የሚሰማኝ እሱ ነው። ካንዴላ ወይም ኮይል ቢሆን ኖሮ ፍሬን መንካት አያስተካክለውም። ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ (ፕሮፔለር ሻፍት) ወይም መገጣጠሚያው (ክሮቸራ) ቢሆን ደግሞ ፍሬን ነካ ስላደረግክ አይጠፋም፣ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ለማንኛውም መኪናዋን አንስተን እነሱንም በእጅ እየነቀነቅን አየን። ደህና ናቸው።

የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ አወጡና ነጭ ሶፍት ላይ አንድ ጠብታ አደረጉ። አዲሱ ዘይት እንደ ከርከዴ ሻይ ቀይ ነው። የኔ ጥቁር ቡና መስሏል። ጋሼ አሸተቱት። «አልተቃጠለም። ዕድለኛ ነህ።» በስድስት ዓመት አንድም ቀን አልቀየርኩትም። እንደማይቀየር ሰዎች ነግረውኝ አምኜ ነበር።

ሶማሌ ተራ ዘይት ልገዛ ስሄድ አንድ ሻጭ «ሁሉም ቀይ ነው፣ ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም። ፍሪሲዮኗ እንዴት እንደምትይዝ የሚወስነው የዘይቱ ቅመም ነው፣ የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ብቻ ነው መግዛት የሚገባው። የኔ ታይፕ ቲ ፎር ይላል። ሦስት ሱቅ ዞሬ አገኘሁ።

ከታች ሲፈታ የወረደው 3 ሊትር ተኩል ያህል ነው። ከግማሽ በላዩ ኮንቨርተሩና ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የወረደውን ለክተን ያንኑ ያህል ሞላን፣ ነዳኋት፣ እንደገና አወረድን፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው ቀን ዘይቱ የሚጠራቀምበትን የካምቢዮውን ሳህን ከሥር ስናወርደው ማግኔቶቹ ላይ እንደ ኩል የላመ ግራጫ ጭቃ ተለጥፏል። ጋሼ በሁለት ጣታቸው አሹት። የብረት ስባሪ ቢኖር ኖሮ ያ የመጀመሪያው ጋራዥ ልጅ ልክ ነበር አሉኝ። ስባሪ የለም። ከሞላን በኋላ ሞተሩ እየሠራ፣ ሞቆ፣ ማርሹን ሁሉም ላይ አዳርሰን ፒ ላይ መልሰን መጠኑን አየን። ቀዝቃዛ ላይ የሚለካ ሰው ይሳሳታል።

ከመጀመሪያው ቅያሪ በኋላ ንዝረቱ አጠረ። ከሁለተኛው በኋላ ረጅም ሽቅብ ላይ ብቻ ይመጣ ነበር። የጎማዎቹን ቦታ አሁን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ አቀያይራለሁ፣ አራቱ እኩል እንዲያልቁ። ጠመኔውም ደብተሩም በሩ ኪስ ውስጥ ናቸው። የደብተሩ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ የካቲት 3፣ ከአዳማ መልስ፣ 70፣ ሽቅብ፣ ነዳጅ በስሱ፣ ሙቅ። ዝም።