ማታ ቀለም አልበጠብጥም

በሳምንት 26 ፔሬድ ሥዕል አስተምራለሁ። አዲስ አበባ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል። ስቀጠር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ ማታ ማታ የራሴን እስላለሁ ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ግን የጨረስኩት ሦስት ሥዕል ብቻ ነው። ሦስት! ተማሪ እያለሁ በአንድ ሴሚስተር ከዚያ በላይ እሠራ ነበር።

ጥፋቱን ሰዓት ላይ ጣልኩት። ቆይቶ ሳስበው ግን ሰዓቱ አልነበረም። ታክሲ ተሰልፌ፣ ቤት ገብቼ፣ ራቴን በልቼ ስጨርስ ገና አንድ ሰዓት ነው። እስከ አራት ሰዓት ድረስ የኔ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ "ቲቸር ምን ልሳል? ቲቸር ምን ቀለም ልቀባው?" ሲሉኝ ውለው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የሆነ ነገር ስወስን ውዬ፣ ማታ ባዶ ሸራ ፊት ስቀመጥ ለራሴ የምወስነው ነገር ጥርግ ብሎ ይጠፋኛል። ዝም ብዬ አፍጥጬ እተኛለሁ።

ሌላው መብራቱ ነው። አንድ ጊዜ ነጠላ የለበሰች ሴት እየሳልኩ፣ ነጩ ሞቅ እንዲል ብዬ ቢጫ ጠብ አደረግኩበት። አልታየኝም። ጨመርኩ። አሁንም አልታየኝም። ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት ነጠላው ቅቤ መስሏል። ቢጫ አምፖል ስር ነጭና ፈዛዛ ቢጫ አይለዩም፤ ይሄን ለተማሪዎቼ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ግን ሲደክምህ የምታውቀውንም ትረሳለህ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። ማታ ቀለም አልበጠብጥም። ማታ አቡጀዲ እወጥራለሁ፣ ነጩን እቀባለሁ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ እደግማለሁ፣ ወይም በእርሳስ እነድፋለሁ። እጅ እንጂ ሐሳብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ቀለም ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት፣ በመስኮቱ ብርሃን። በጣም የጠቀመኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ሥራ ሳቆም አንድ ነገር ሆን ብዬ ሳልጨርስ እተዋለሁ፣ ቀጥሎ የምሠራውን በቁራሽ ወረቀት ጽፌ ሸራው ላይ እለጥፋለሁ። "የግራውን ግድግዳ አጨልሚ።" ቅዳሜ ስነሳ የምወስነው ነገር የለም፣ ብሩሼን አንስቼ እገባበታለሁ።

ዘይት ቀለምም ትቼ ነበር። የምኖረው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው፣ የቀለም ማቅጠኛው፣ የአኳራጁ ሽታ አከራዬ ጋ ይደርሳል። "ልጄ፣ ደረቴን ያዘኝ እኮ" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። አክሪሊክ ሽታው ቀላል ነው፣ ስስ አድርገው ከቀቡት በግማሽ ሰዓት ይደርቃል። ዘይቱን ለክረምት አስቀመጥኩት፣ መስኮትና በር ከፍቼ ቀን ቀን። ብርዱና እርጥበቱ መድረቁን ያጓትተዋል፣ ግን ሐምሌና ነሐሴ ማን ያስቸኩለኛል?

ቅዳሜዬን ለማስከበር ግን ተቸግሬያለሁ። የወላጆች ቀን ሲመጣ መድረኩን ማስጌጥ የሥዕል መምህሯ ሥራ ነው፣ ማንም አይጠይቅም። አሁን "በአዘቦት ቀን እሠራለሁ፣ ቅዳሜ አልችልም" እላለሁ። መጀመሪያ ያኮርፉ ነበር፣ ለመዱት።

ጓደኞቼ "በቃ አስተማሪ ሆነሽ ቀረሽ" ይሉኛል። ያመኛል። ታላላቆቹ ሠዓሊዎች ገብረክርስቶስ ደስታም እስክንድር ቦጎሲያንም አስተምረዋል፣ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም እዚሁ አዲስ አበባ በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፤ እስክንድር በኋላም ዋሽንግተን፣ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት አስተምሯል። እርግጥ የነሱ ተማሪዎች ሠዓሊ ሊሆኑ የመጡ ናቸው፣ የኔዎቹ ደወል የሚጠብቁ 50 ሕፃናት። አንድ አይደለም። ግን ከልጆቹም የማገኘው አለ።

አምና አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ ጀሪካን ሳለች። ቢጫውን የውሃ ጀሪካን፣ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ። ጥላውን ቢጫ ቀባችው። "ጥላ እኮ ጠቆር ይላል" ልላት እጄን ወደ ወረቀቷ ሰደድኩ። "ቲቸር፣ ቤታችን በር ላይ ሄደሽ እዪው፣ ቢጫ ነው" አለችኝ። እንደ ቀልድ ቅዳሜ የራሴን ጀሪካን ውሃ ሞልቼ ግቢ አወጣሁት። እውነትም ብርሃኑ ፕላስቲኩን ሰንጥቆ አልፎ፣ ጥላው መሐል ላይ የማር ቀለም የመሰለ ነገር ተኝቷል። ስንት ዓመት ውሃ ስቀዳበት አላየሁትም።

ከዚያ ወዲህ የልጅ ወረቀት ላይ እጄን አላሳርፍም። በሳምንት አንድ ፔሬድ ደግሞ እነሱ የሚስሉትን እኔም ደብተሬ ላይ አብሬ እስላለሁ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ዘጠኝ ሥዕል ጨረስኩ፣ ከዘጠኙ አራቱ ከዚያ ደብተር የወጡ ናቸው።

አሁን የያዝኩት የውሃ ወረፋ ነው፤ በመስመር የተደረደሩ ጀሪካኖች፣ የጠዋት ፀሐይ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ወረቀቱ ላይ "ከጫፍ ያለው ጥላ፣ ማሩ" ይላል።