ዲክስ ሂልስ፦ ሃርፑ ዘግይቶ የደረሰበት ቤት

ኒውዮርክ ለሥራ ሄጄ አንድ ቅዳሜ ባዶ ሆነልኝ። አብረውኝ የሄዱት ታይምስ ስኩዌር ሲሉ እኔ ፔን ስቴሽን ገብቼ የሎንግ አይላንድን ባቡር ተሳፈርኩ። የጃዝ ፒያኖና ሃርፕ ተጫዋቿን አሊስ ኮልትሬንን ፍለጋ ነው። እሷ በ2007 አርፋለች፤ የምፈልገው የኖረችበትን ቤት ነበር።

ዲር ፓርክ ወርጄ ወደ ዲክስ ሂልስ ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ «እዚያ ምን አለ?» አለኝ። «የጆን ኮልትሬን ቤት» አልኩት፤ ወዲያው ራሴን ታዘብኩት። ለእሷ ብዬ መጥቼ የባሏን ስም እጠራለሁ! ምን ላድርግ፣ ቤቱን ሰው የሚያውቀው ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን በ1964 «ኤ ላቭ ሱፕሪም» የተባለውን ታዋቂ አልበሙን ስለደረሰበት ነው።

ሰፈሩ ዛፍ የበዛበት፣ ጭር ያለ ነው። ቤቱ ተራ የጡብ ቤት፤ ሳታየው ብታልፍ አይፈረድብህም። እድሳት ላይ ስለሆነ ውስጥ አልገባሁም፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁት። ልቤ ግን ምድር ቤቱ ጋ ነበር።

አሊስ በ1937 ዲትሮይት ነው የተወለደችው። ፒያኖ ተጫዋች ነበረች፤ ፓሪስ ድረስ ሄዳ ከጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ከ«ባድ ፓውል» ተምራለች። ጆን ደግሞ የሃርፕ ድምፅ ይወድ ነበርና አንድ ትልቅ ሃርፕ አዘዘ። ሃርፑ ሳይደርስ ሐምሌ 1967 ላይ በ40 ዓመቱ ሞተ። እሷ 29 ዓመቷ ነው፣ አራት ልጆች ይዛለች፣ እና አንድ ቀን ያዘዘው ሰው የሌለ ዕቃ ቤቷ ይመጣል። እኔ ብሆን መልሼ እልከው ነበር። እሷ ቁጭ ብላ ራሷን አስተማረች። በ1968 በዚሁ ምድር ቤት ስቱዲዮ ሃርፑን ይዛ ቀዳች፤ «ጆርኒ ኢን ሳቺዳናንዳ» የተባለው አልበሟም አብዛኛው በ1970 እዚሁ ነው የተቀዳው።

ብዙዎቻችን ሃርፕን «በገና» እንለዋለን። ድምፃቸው ግን አይገናኝም፤ በገና በእንዚራው፣ አውታሩ ሥር በሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ይነዝራል፣ አውታሩም አሥር ነው፤ የሃርፑ 47። እንዲያውም ለእኔ የአሊስ አጨዋወት የገባኝ በክራር በኩል ነው። ክራር ስትይዝ መጀመሪያ በትዝታ ወይም በባቲ ትቃኘዋለህ፣ ከዚያ ጣትህ የትም ቢያርፍ ከቅኝቱ አትወጣም። ሃርፕ ሰባት ፔዳል አለው፣ ለእያንዳንዱ ኖታ አንድ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የዚያ ኖታ አውታሮች በሙሉ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላሉ። አሊስ ቅኝቷን በእግሯ ታዘጋጅና እጇን ከዳር እስከ ዳር ትለቀዋለች። «ዝም ብላ አውታር ታብሳለች» የሚሏት ሰዎች እግሯን ረስተዋል።

በ1972 ልጆቿን ይዛ ካሊፎርኒያ ሄደች። በኋላም ተራራ ሥር አሽራም፣ ማለትም የሂንዱ መንፈሳዊ ማኅበር መኖሪያ፣ መሥርታ መንፈሳዊ መሪ ሆነች፤ ለብዙ ዓመታት ከመድረኩ ብትርቅም መዝሙር መድረሱን አልተወችም። አሽራሙን በ2018 የእሳት ቃጠሎ በላው። ይሄ የጡብ ቤት ግን አለ።

ከዚያ መቃብሯ ወዳለበት ወደ ፓይንላውን ሄድኩ። ከጆን ጎን ነው የተቀበረችው። ቀጥ ብሎ የቆመ የመቃብር ድንጋይ የለም፣ ሣሩ ላይ የተነጠፈ ነሐስ ብቻ፤ ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ ስዞር ቆየሁ።

መመለሻውን አላሰብኩበትም ነበር። ፓይንላውን ጣቢያ ባቡር የሚቆመው ከስንት አንዴ ነው። የጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ አሊስን ከፈትኩ፤ ሃርፑ ገና ሲጀምር የማይቆም ባቡር እየጮኸ አለፈና ዋጠው። ወደ ኋላ መለስኩት። ሌላ ባቡር። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ነው መግቢያውን እስከ መጨረሻው የሰማሁት።