አየር ያጠራት የጉዞ ምድጃ

ወንድሜ ከውጭ ሲመለስ ያመጣልኝ የጉዞ ምድጃ ከአንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ አይበልጥም። ጭራሮ የሚነድበት ባለ ሁለት ግድግዳ ዕቃ ሲሆን፣ ከስር አመድ መቀበያ፣ በላዩ ፍርግርግ፣ ከአፉ ደግሞ ሦስት የድስት ማስቀመጫ ጥርሶች አሉት። ስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ጨነቅ በተባለው የድንኳን ሰፈር ስናድር ለመጀመሪያ ጊዜ ለኮስኩት። ፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም ስለማይፈቀድ ከደባርቅ የገዛሁትን ደረቅ ባሕር ዛፍ ሰነጣጥቄ ብሞላውም፣ እሳቱ ትንሽ ብልጭ ካለ በኋላ በጭስ ታፈነ፤ ድስቱም በጥቀርሻ ተለበጠ። አብሮን የነበረው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ጎንበስ ብሎ አያትና «አፏ ሰፊ፣ አፍንጫዋ ጠባብ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ በምድጃዋ ላይ የሠራሁት ሁሉ ከዚህ አስተያየት የመነጨ ነው ማለት ይቻላል።

ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በአንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቀዳዳ የሚገባው አየር ይዞት የሚመጣው ኦክስጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ውኃው በ88 ዲግሪ አካባቢ መፍላቱ የተለየ ጉዳይ ሲሆን፣ ለእኔ ዋናው ችግር ለቆላ በሚበቃ ቀዳዳ ደጋ ላይ እሳት ለማንደድ መሞከሬ ነበር።

አዲስ አበባ ስመለስ ነገሩን በችኮላ ለመፍታት ሞከርኩ። ምድጃዋን ሞርሳ ላይ አስሬ በትራፓኖ ሁለቱንም ግድግዳዎች ከመካከል አሥራ ሁለት ቦታ በሳሁ። ግቢ ውስጥ ስለኩሳት ነበልባሉ እየተንቀለቀለ ወጣ፤ አንድ ሊትር ውኃ ለማፍላት ግን ቀድሞ 14 ደቂቃ ይፈጅባት የነበረችው ምድጃ አሁን 17 ደቂቃ ፈጀባት፤ እንጨቱንም በላችው።

ምክንያቱን የተረዳሁት እሳቱን ቁጭ ብዬ ሳስተውል ነው። ደረቅ እንጨት ሲሞቅ ከክብደቱ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ወደ ጋዝነት ይለወጣል፤ ጭስ የምንለውም በአብዛኛው ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው። ይህ ጋዝ በደንብ እንዲነድ ከ600 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ስለሚፈልግ፣ ምድጃዋ ሁለት ዓይነት አየር ያስፈልጋታል፦ አንደኛው በፍርግርጉ ስር ገብቶ ፍሙን የሚያቀጣጥል፣ ሁለተኛው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ሲወጣ ሞቆ ከአፉ አጠገብ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ጋዙን የሚያገኝ ነው። እኔ የበሳሁት ቀዳዳ ግን ቀዝቃዛውን ነፋስ በቀጥታ ወደ ነበልባሉ እየለቀቀ ጋዙን ያቀዘቅዘው ነበር። የእናቶቻችን የሦስት ጉልቻ እሳትም ከየአቅጣጫው እንደ ልብ አየር እያገኘ የሚያጨሰው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ምድጃዋን ይዤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። የሄድኩባቸው ባለሙያ አሥራ ሁለቱን ቀዳዳዎች በቀጭን ላሜራ ዙሪያውን ሸፍነው በብሎን አጠበቁልኝ፤ «መጀመሪያውኑ እዚህ ብታመጣት አትቆስልም ነበር» ብለውም ወቀሱኝ። ከዚያ አመድ መቀበያው ከፍርግርጉ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ መቀመጡን፣ ጥቂት አመድ ሲጠራቀምም የታችኛውን አየር ጨርሶ እንደሚዘጋው አሳየኋቸው። ከስር ባለ ቀዳዳ ቀለበት በመቀጠል የአመዱን ክፍል ሦስት ሳንቲ ሜትር ለማስረዘም ተስማማን። ለዚህ በመጀመሪያ ያነሡት ብረት የጣሪያ ቆርቆሮ ስለነበር እንዲተዉት ለመንኳቸው፤ ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ ሙቀቱ ሲበረታበት የሚያወጣው ነጭ ጭስም ለሳንባ ጎጂ ነው። ከአሮጌ የዘይት በርሜል ቆርጠው ሠሩልኝ፤ የተረፈውን ቀለም እቤት ሜዳ ላይ አቃጥዬ አስለቀቅኩት።

የቀረው የድስት ማስቀመጫው ነበር። ጥርሶቹ በጣም አጭር ስለነበሩ ሰፋ ያለ ድስት ሲቀመጥባቸው የምድጃዋ አፍ ይከደናል፤ የጋለው አየር መውጫ ካጣ ደግሞ ከታች አዲስ አየር አይሳብም። በብሎንና በዳዶ አስረዝሜ ክፍተቱን ሁለት ሳንቲ ሜትር አደረስኩት። ሦስት ሳንቲ ሜትር ሞክሬ ነበር፤ ነበልባሉ ድስቱን ሳይነካ በጎን እየሸሸ አስቸገረኝ።

አሁን ያንኑ አንድ ሊትር ውኃ በ9 ደቂቃ ታፈላለች። ጭስ የሚታየው ስትለኮስና እንጨት አብዝቼ ስጨምርባት ብቻ ነው። ጭራሮውን ከላይኛው ቀዳዳ መስመር አሳልፎ መሙላት አይገባም፤ ያለፈ እንደሆነ ጋዙ ከሞቀው አየር ጋር ሳይገናኝ ያመልጣል። ደኅና ብትነድም ድንኳን ውስጥ አላስገባትም፤ በመጨረሻ የሚቀረው ፍም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣልና ሲበርደኝ ብርድ ልብስ እደርባለሁ።

ሦስት ሳንቲ ሜትር ስለረዘመች ግን ወንድሜ አብሮ ባመጣው ከረጢት አልገባ ብላለች። ባለፈው ጉዞ ከቦርሳዬ ውጭ በገመድ አንጠልጥያት እንደ ከብት ቃጭል እየተንኳኳች ሄደች።