ሞቶ የማይቀር ጀግና

ዛሬ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን፣ ሱፐርማን የሞተበትን የ«ሱፐርማን» የሥዕል ታሪክ መጽሔት ቁጥር 75 እንደገና ሳገላብጥ ዋልኩ። አሠራሩ ግሩም ነው፤ ከሱ በፊት በወጡት ሦስት እትሞች በየገጹ ያሉት ሥዕሎች ከአራት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሁለት ይወርዳሉ። እዚህ ሲደርስ ለአንድ ገጽ አንድ ሥዕል ብቻ! ትንፋሽ ያሳጥራል። በጥቁር ፕላስቲክ የታሸገው እትም ክንድ ላይ የሚታሰር የሐዘን ጨርቅ ሳይቀር ነበረው። ዓመት ሳይሞላ ሰውዬው ተነሣ።

የባትማን ረዳት የሮቢን፣ የጄሰን ቶድ ይብሳል። በ1988 አንባቢ ስልክ እየደወለ 5,343 ለ5,271፣ በ72 ድምፅ ብልጫ ሞት ፈረደበት፤ በ2005 መለሱት። ታዲያ ድምፁ ለምን ተሰጠ? ገጸ ባሕርዩ የአሳታሚው ኩባንያ ንብረት ነዋ፤ ደራሲ በተቀየረ ቁጥር መቃብር ይከፈታል።

የስፓይደርማንን አጎት ቤንን ግን በዋናው ታሪክ ለዘለቄታው አላስነሡትም። እሱ ከተመለሰ ፒተር (ስፓይደርማን ራሱ) ጭምብል የሚያጠልቅበት ምክንያት ይጠፋላ!