ፖሊ ስታይሪን እና ሰንሰለቷ

ሰሞኑን ደጋግሜ የምሰማው አንድ ዘፈን ነው፤ የብሪታንያው ፓንክ (ፈጣንና አመፀኛ ሮክ) ባንድ የኤክስ ሬይ ስፔክስ «ኦ ቦንዴጅ አፕ ዮርስ»፤ «እስራት ሆይ፣ ወግድልኝ!» እንደ ማለት ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሲጀምር ሙዚቃ የለውም። አንዲት ወጣት በጨዋ ልጅ አንደበት፣ ሴት ልጅ ትታይ እንጂ ድምፅዋ አይሰማ የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ትነግረናለች። ከዚያ ትጮኻለች፤ ከበሮው፣ ጊታሩና ሳክስፎኑ ተከትለዋት ይነሳሉ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ሲባል እየሰማሁ ስላደግሁ ጩኸቱን የሚያብራራልኝ ሰው አላስፈለገኝም።

ጯኺዋ ማሪያን ኤሊየት ሰዒድ ናት፤ ለራሷ ያወጣችው የመድረክ ስም ፖሊ ስታይሪን ነው። አባቷ ሶማሌ፣ እናቷ ነጭ ብሪታንያዊት፤ ያደገችው ለንደን፣ ብሪክስተን። ፓንክን የነጭ ወንዶች ሙዚቃ አድርገው ለሚያስቡ ይህን ደስ እያለኝ እነግራቸዋለሁ፤ ከጎረቤታችን የሄደ ሰው ልጅ ናትና።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 1976 አሥራ ዘጠነኛ ዓመቷን በያዘችበት ዕለት፣ በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሄስቲንግስ፣ ሴክስ ፒስቶልስ የተባሉት ፓንኮች ሲጫወቱ አየች። ብዙም ሳትቆይ ባንድ ለማቋቋም ወጣት ፓንኮችን የሚጠራ ማስታወቂያ በጋዜጣ አወጣች። ሳክስፎን ይዛ የመጣችው ሎራ ሎጂክ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ነበረች። በፓንክ ባንድ ውስጥ ሳክስፎን! ዛሬም ዘፈኑን ከሺህ መሃል የምለየው በእሱ ነው።

ፖሊ በዚያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ኪንግስ ሮድ በተባለው ጎዳና ላይ በነበረው ቦፎርት ማርኬት ልብስ ትሸጥ ነበር። በዚያው ጎዳና የሴክስ ፒስቶልስ ሥራ አስኪያጅ ማልኮም ማክላረንና የልብስ ንድፍ አውጪዋ ቪቪየን ዌስትውድ ማሰሪያና ዚፕ የበዛበትን የፓንክ ሱሪ ይቸበችቡ ነበር። አመፁ ራሱ ዋጋ ተለጥፎበት መስቀያ ላይ ሲውል በቅርብ አይታለች ማለት ነው። በኋላ ስትጠየቅ ዘፈኑ ስለ ቁሳቁስ ባርነት እንደሆነ ተናግራለች፤ ለሸማችነት ሕግም ሆነ ለገዛ ስሜቶቿ ላለመታሰር የጻፈችው ነው።

በሴፕቴምበር 1977 በሙዚቃ አሳታሚው ቨርጂን ሬከርድስ ሲወጣ የሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ አልገባም። «ቦንዴጅ» በእንግሊዝኛ በወሲብ ጊዜ መታሰርንም ስለሚል፣ ርእሱን የወሲብ ጉዳይ አድርገው የተረዱትም ብዙ ነበሩ። በ1978 የወጣው «ጀርምፍሪ አዶለሰንትስ» የተሰኘው አልበም ላይም መጀመሪያ አልተካተተም። ሆኖም ዘፈኑ መንገዱን አላጣም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ግዛት ኦሊምፒያ አካባቢ የተነሱት፣ ራየት ገርል የተባለው የሴቶች መብት ንቅናቄ ሴት ፓንኮች እንደ እናታቸው ቆጠሯት። ከእሷ በኋላ ማይክ የጨበጡ ጥቁር ሴት ፓንኮችም ስሟን ሳይጠሩ አያልፉም።

ውርሱ ግን በዚህ የሚያልቅ አይመስለኝም። ስለ እሷ ሲጻፍ ሕይወቷ ለሁለት ይከፈላል፤ በመጀመሪያ ጯኺዋ ፓንክ፣ ቀጥሎ በ1979 ባንዱን ትታ፣ በአእምሮ ሕመም ተሰቃይታ፣ መጀመሪያም ስኪዞፍሬኒያ ነው ተብላ በስህተት ታክማ፣ በመጨረሻ ሀሬ ክሪሽና ወደተባለው ከሂንዱ እምነት የመነጨ የሃይማኖት ንቅናቄ የገባችው ሴት። ሁለተኛዋን ብዙዎች እንደ ጠፋች ሰው ያዩዋታል። ይህን አልቀበልም። በ19 እና በ20 ዓመቷ ከሸቀጥና ከስሜት እስራት ልውጣ ብላ የጮኸች ልጅ፣ ቆይታ ያንኑ በጸሎት ብትፈልገው ምኑ ይገርማል? ዘፈኑን አልካደችውም፤ ቃሏን ይዛ ኖራበታለች።

የመጨረሻ አልበሟ «ጄነሬሽን ኢንዲጎ» በማርች 2011 ወጣ፤ በቀጣዩ ወር፣ በ53 ዓመቷ፣ የጡት ካንሰር ወሰዳት። ልጇ ሰለስት ቤል ከሌላ አዘጋጅ ጋር ሆና በ2021 ስለ እናቷ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች። ዘፈኑን የወደዳችሁ ሁሉ ፊልሙንም እዩት፤ የእናትና የልጅ ቁስል ሳይደበቅ ተነግሮበታል።